አሻንጉሊቱ እያደገ፣ አፏ እየተዘጋ

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ። ማታ ነበር። ልጄ ተኝታለች፣ እኔ በራሴ ተናድጄ ሶፋ ላይ ተጎልቻለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ ልጅን ጥርስ ሐኪም ዘንድ በስጦታ ማባበል ደግ ነው ወይስ ጥፋት? ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ 31 ደረሰ። ግማሹ ጠቀመኝ፣ ሩቡ አሳቀኝ፣ የቀረው ስለ ውሻ ነበር። ሁሉንም ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ እኔ ላውራችሁ።

የመክፈቻ ጽሑፌ ይህን ይመስላል። ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ከኋላ ያለ አንድ የወተት ጥርሷ ተቦርቡሯል። ወንበሩ ላይ ስትወጣ ደህና ነበረች፤ ወንበሩ ሽቅብ ሲነሳ እንዲያውም ሳቀች። መብራቱ ፊቷ ላይ ሲበራ ግን ከንፈሯን ጥርቅም። ዶክተሯ ትንሿን መስታወት ይዘው ጠበቁ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። አፏን ከከፈተች የቀለም እርሳስ እንደምገዛላት ነገርኳት። ዝም። አሻንጉሊት ጨመርኩ። ዝም። ሁለት አሻንጉሊት አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ውጭ ተረኛ እየጠበቀ ነው፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ በመጨረሻ ብስክሌት የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ያኔ አፏ ተከፈተ። የተከፈተው ግን ለመስታወቱ አልነበረም፤ ብስክሌቱ ቀይ መሆን እንዳለበት ልትነግረኝ ነው። ነግራኝ ስታበቃ መልሳ ዘጋችው። ዶክተሯ መስታወታቸውን አስቀመጡና ለሌላ ቀን ቀጠሩን።

የመጀመሪያዋ መላሽ አይዞሽ ባይ ናት። ይሄ በእኔ ብቻ እንዳልደረሰ፣ እሷም ወንድ ልጇን እንዲሁ ስትለምን ውላ በባዶ እጇ እንደተመለሰች ጻፈች። የገባችለትን ቃል ምንም ሳያደርግ ገዛችለት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ገና ከቤት ሳይወጡ ድርድር ጀመረ። ምክሯ ትንሽ ተለጣፊ ሥዕል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ አስቀድሜ ግን ትንፍሽ እንዳልል ነው።

ሁለተኛው መላሽ አያት እንደሆኑ ራሳቸው ስለጻፉ እኔ ጋሼ ቁጥር 2 እያልኩ ነው የምጠራቸው። በእሳቸው የልጅነት ዘመን አንዱ ጭንቅላት ይይዝ ነበር፣ አንዱ እግር፣ ጥርሱም ይነቀል ነበር። ማንም ስጦታ አልተቀበለም፣ ማንም አልሞተም። የዛሬ ወላጅ ልጁን አሞላቆ ሲያበቃ መድረክ ላይ ወጥቶ ምክር ይለምናል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ይህን ስም ልብ በሉት፤ ኋላ ይመለሳሉ።

ሦስተኛዋ ክሩን መስመር አስያዘችው። የልጆች ጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ረዳት ሆና ነው የምትሠራው። እኔ ያቀረብኩትን ነገር ሽልማት ለማለት አልደፈረችም፤ መደለያ አለችው። ልዩነቱ ዕቃው ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። ልጅ እምቢ እያለ የሚዘረጋለት ነገር መደለያ ነው፤ እምቢታ ዋጋ እንደሚያወጣ ያስተምረዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ለሠራው ነገር የሚሰጠው ደግሞ ሽልማት ነው። ቀጥሎ ያመጣችው ግን የበለጠ ወጋኝ። ልጅ የሚጠብቀውን ክፉ ነገር የሚመዝነው በተገባለት ቃል ትልቅነት ነው። እናት ለአንድ አፍ መክፈት ብስክሌት ከከፈለች፣ ወደ አፍ የሚገባው ነገር ምን ቢሆን ነው? ልጄ አልጠፋባትም። አስልታ ነው የዘጋችው።

በነገራችን ላይ፣ ሐኪሞች የልጅን ሁኔታ ካርድ ላይ በምልክት እንደሚጽፉ የነገረችን እሷው ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ የፍራንክል መለኪያ የሚባል ነገር አለ። አራት ደረጃ ነው። ሁለት የመቀነስ ምልክት ጨርሶ እምቢ ላለ፣ አንድ የመቀነስ ምልክት ለሚያንገራግር፣ አንድ መደመር እየፈራም ቢሆን የታዘዘውን ለሚያደርግ፣ ሁለት መደመር ደግሞ ደስ ብሎት ለሚተባበር።

ይሄ አራተኛውን መላሽ አስቆጣው። ልጅ ገና በአራት ዓመቱ ያውም ተጋድሞ ማርክ ይሰጠዋል እንዴ ብሎ ተነሳ። መልስ 5 አረጋጋው። ምልክቱ ልጁን ለማሳፈር ሳይሆን ለሚቀጥለው ቀን ነው። ሐኪሙ ካርዱን ሲያይ ምን ያህል ጊዜ መመደብ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። አራተኛው አመስግኖ ሄደ። በመድረክ ላይ ሰው አመስግኖ ሲሄድ ብርቅ ስለሆነ መጥቀሱ አይከፋም።

መልስ 6 የመንታ ልጆች አባት ነው። የሱን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቱም ልጆቹ በአንድ ቀን ጥርስ ተሞላላቸው። ወንዱ ድምፁን አላሰማም፤ ግን መሰርሰሪያው በቀረበ ቁጥር ጭንቅላቱን ስለሚያዞር ሐኪሙ ደጋግሞ ማቆም ነበረበት። ሴቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለቀሰች። ጋደም ብላ ስለነበር እንባዋ ወደ ጆሮዋ ነበር የሚወርደው። አፏን ግን አንድ ጊዜም አልዘጋችም። ሲወጡ በር ላይ ያለችው ሠራተኛ ላላለቀሰው ኮከብ ለጠፈችለት፤ ላለቀሰችው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ጎበዝ ልጅ እንድትሆን አደራ አለቻት። አባትየው መኪና ውስጥ ዞር ብሎ ሲያይ ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ ትመለከተው ነበር። ምንም የሌለበትን መዳፍ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሕክምና ቤቱን በር ማየት አትፈልግም። የኮከቡ ባለቤት ደግሞ እንደልቡ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱን ማዞሩንም አልተወም።

መልስ 7 ለሁለቱም ኮከብ መስጠት ይበቃ ነበር አለ። አባትየው በመልስ 8 ተመልሶ መጣና ነገሩ የኮከብ ቁጥር እንዳልሆነ ገለጸ። ሽልማቱ የተሰጠው ላለማልቀስ ነው። ማልቀስ ደግሞ ልጅ አስቦ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ዝም ያለው ልጅ የተሸለመው ለሐኪሙ ምንም ላልጠቀመ ነገር ነው። አፍ መክፈትን፣ እጅን ሆድ ላይ ማሳረፍን፣ ጭንቅላትን አለማንቀሳቀስን ብንሸልም ኖሮ ኮከቡ ለእህቱ ነበር የሚገባው።

እኔ ራሴ ልጄን ከቤት ስናወጣት ያስጠነቀቅኳት እንዳታለቅስ ነበር። ስለ አፏ ትዝም አላለኝ።

መልስ 9 የሥነ ልቦና ተማሪ ነው፤ ረጅም ነገር ይዞ መጣ። ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር ጀመረ፤ ደስ የሚል ውጤት የተከተለው ድርጊት እንደሚደገም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 ፕሪማክ የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ወዳቀረበው መርህ ተሻገረ። ልጅ የሚወደውን ነገር ከማይወደው በኋላ ካስቀመጥክለት፣ የሚወደው ነገር ራሱ የማይወደውን ይጎትተዋል። መጀመሪያ ጥርስ፣ ቀጥሎ መናፈሻ። ይሄ የአያት ሕግ ተብሎ እንደሚጠራም ጨመረ፤ አያቶች ሳይማሩ ስለሚያውቁት። (ጋሼ ቁጥር 2 ይህን ያነበቡ አይመስለኝም።) በመጨረሻ ግን ፊቱን አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉትን ጥናት አመጣ። ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆች፣ ከሳሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነገራቸው። ወረቀቱን ካገኙ በኋላ፣ በሌላ ቀን ነፃ ሲለቀቁ፣ ከሌሎቹ ልጆች ባነሰ ጊዜ ነበር የሳሉት። ስለዚህ ሽልማት ፍላጎትን ይገድላል ብሎ ደመደመ።

መልስ 10 አልለቀቀውም። ከዚህ ጀምሮ ነው ክሩ መቆምጠጥ የያዘው። ጥናቱን ጥሩ አድርጎ ጠቅሶ ክፉኛ እንዳጣመመው ነገረው። እነዚያ ልጆች መሳል ከመጀመሪያው ይወዱ ነበር፤ ሽልማቱ የነካው ቀድሞ የነበረውን ፍቅር ነው። መሰርሰሪያ የሚወድ ሕፃን ታይቶ ይታወቃል? የሌለ ፍላጎት አይሞትም። ደግሞም በዚያው ጥናት ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ልጆች ፍላጎታቸው አልቀነሰም፤ ተማሪው ይህን ዘሎታል። ነገሩ ሁሉ ትክክል ነበር። የአነጋገሩ ቃና ግን ተማሪ ያስለቅሳል። ተማሪው በመልስ 11 ስህተቱን ተቀበለ፤ ሳይነገር ድንገት የሚሰጥ ሽልማት ከመልስ 1 ምክር ጋር አንድ መሆኑንም አያያዘው። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

መልስ 12 ላይ አንዲት እናት ከረሜላስ ስትል ጠየቀች። ልጇ ከከረሜላ በቀር በምንም አይሸነገልም። መልስ 13 የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥያቄውን ሲያይ ፈገግ ማለቱ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ነገሩን መልሶ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ ነው የሚጎዳው፤ ቀስ እየተባለ የሚመጠጥ ከረሜላ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የተቦረቦረ ጥርስ ሞልቶ በከረሜላ መሸለም፣ ጣሪያ ጠግኖ ቀዳዳ እንደማበጀት ነው አለ። እሱ የሚሰጠው ተለጣፊ፣ ትንሽ ኳስ ወይም አዲስ የጥርስ ብሩሽ ነው። ብሩሹን ግን ልጆቹ እንደ ሽልማት እንደማያዩት በሐዘን አመነ።

መልስ 14 ዛይሊቶል በሚባል የስኳር ምትክ የተሠራ ከረሜላ እንዳለ፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ አሲድ ሊለውጡት እንደማይችሉ ጠቆመ። መልስ 15 ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ መሆኑን አስጠነቀቀች። እውነት ነው፤ ውሻ ያለው ሰው ይወቀው። ከዚህ በኋላ ግን መልስ 16 ስለ ውሻው አወራ፣ መልስ 17 የውሻውን ፎቶ ለጠፈ። ልጄን ረሷት።

የሚገርመው ወደ መስመር የመለሰን ውሻው ራሱ ነው። መልስ 18 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን ጥናት አስታወሰ። ውሻ የሚፈሩ ትንንሽ ልጆች፣ የማይፈራ እኩያቸው ከውሻ ጋር ሲጫወት በተከታታይ እንዲያዩ ተደረገ። ብዙዎቹ ወደ ውሻው መቅረብ ቻሉ። ያስደፈራቸው ሽልማት ወይም ልመና ሳይሆን ማየቱ ነው። ስለዚህ ልጄ የእኔን ወይም የታላቅ ልጅ ጥርስ ሲታይ ቆማ ብታይ ከብስክሌት ይሻላል የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ሰው ግን ከሥር፣ የምታዩትን ሰው ምረጡ ብሎ አስጠነቀቀ፤ እሱ ስድስት ዓመቱ ላይ ያየው የታላቅ እህቱን ጩኸት ነበርና። ይሄ መልስ 19 ነው። አጭር ናት፣ ግን ሳቅኩ።

መልስ 20 የተጻፈችው በንዴት ነው፤ ንዴቷም ይገባታል። ልጇ የታች መንጋጋው ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ገና ከወንበር ሳይወርድ የሚታኘክ ማስቲካ ተሸለመ። ማን እንደሰጠው አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መደንዘዙ ለሁለት ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቆይ የነገራት የለም። ልጁ የራሱን ከንፈር ሲያኝክ ዋለ። አላመመውም። ማታ ከንፈሩ አብጦ ቲማቲም አክሎ ነበር። ማደንዘዣ ለተወጋ ልጅ የሚታኘክ ነገር እንዳትሰጡ፤ እስኪለቀው ድረስም ዓይናችሁን ከአፉ ላይ አትንቀሉ። ይህችን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ክሩ ሠርቷል።

መልስ 21 ሽልማቱን ትቶ ወደ አንደበታችን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1959 አድልስተን የተባለ ሰው ያስተዋወቀው፣ እስከዛሬ በልጆች ጥርስ ሕክምና የሚሠራበት ዘዴ አለ። ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ። መጀመሪያ በልጁ ቋንቋ ትነግረዋለህ፤ ቀጥሎ ብሩሿ ስትሽከረከር ጥፍሩ ላይ ታሳየዋለህ፤ ከዚያ ያንኑ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ጥርሱ ላይ ታደርጋለህ። ሽልማት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማጣፈጫ ነው እንጂ የዚህ ምትክ አይደለም። ልጄ መስታወቷን በእጇ ይዛ አይታት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አታውቅም። ማንም አላስያዛትም፤ እኔ በድርድሬ ፋታ ስላልሰጠኋቸው ነው።

መልስ 22 ከዚያው ቀጠለች። ቤት ውስጥ አያምም ብለን አንዋሽ። አንድ ጊዜ መርፌ የለም ተብሎ መርፌ ያየ ልጅ፣ ሁለተኛ የሚነገረውን ሽልማትም አያምንም። መቆንጠጥ የምትመስል ነገር ትመጣለች፣ እስከ አሥር ስንቆጥር ትሄዳለች ማለት ይበቃል። ከመርፌው በፊት ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ መኖሩን፣ እንዲሠራ አንድ ሁለት ደቂቃ መታገሥ እንደሚያስፈልግም አስታወሰች። ደግሞ ልጁ እጁን ሲያነሳ ሐኪሙ እንዲያቆም አስቀድሞ መስማማት። እጁን አንስቶ ቆሞለት ያየ ልጅ አፉን ለመክፈት ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ ጋሼ ቁጥር 2 ተመለሱ። መልስ 23። በተለጣፊ ያደገ ልጅ ነገ ሥራ ሲቀጠርም ተለጣፊ ይጠይቃል፤ ለሚገባ ነገር ሽልማት መስጠት ሰው ማበላሸት ነው። ቃላቸው ከዚህ ይከርር ነበር፤ እኔ አለዝቤዋለሁ። መልስ 24 ያለ ደመወዝ የሚሠራ ካለ እሱ ይውቀሰን ስትል መለሰችላቸው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። መልስ 25 ግን ዶሴ አወጣ። ጋሼ አምና ሌላ ክር ላይ ስለ መንጋጋ ሕመም መድኃኒት ሲጠይቁ፣ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ከተቀመጡ 20 ዓመት እንዳለፋቸው ጽፈው ነበር። ያ ተይዞ የተነቀለለት ልጅ፣ አድጎ ወንበሩን የሚሸሽ ሰው ሆኗል ማለት ነው ብሎ አፈረጠው።

አስተባባሪው በመልስ 26 ገባ። የሰው የድሮ ጽሑፍ እየቆፈሩ መምታት በዚህ መድረክ እንደማይፈቀድ አሳሰበ። ልክ ነው። ቢሆንም ማናችንም ያነበብነውን አላነበብንም ማለት አልቻልንም። ክሩ ለሁለት ቀን ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረችው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ናት፤ መልስ 27። ለእሷ ልጅ ሽልማት ማለት መንገዱን መቆራረጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን በሩ ድረስ ብቻ ሄዱ። ሁለተኛ ቀን ወንበሩን ነክቶ ተመለሰ። ሦስተኛ ቀን ተቀመጠበት። በየደረጃው ካርዱ ላይ አንድ ምልክት ይለጠፍለታል፤ ምልክቶቹ ሲሞሉ የሚወደውን የባቡር ቪዲዮ ያያል። አፉን የከፈተው በስድስተኛው ጉዞ ነው። ሌሎች ሰዎች ለወንበር መንካት ልጅ ይሸለማል ወይ ብለው ሲስቁባት፣ እሷ ለልጇ የወንበሩ ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለች። ለዚህ መልስ የተቃወመ አንድም ሰው አልተገኘም።

መልስ 28 መልስ 13 የጻፈው ሐኪም ነው፤ ሁለተኛ መምጣቱ። ሁላችንንም በደግነት ገሠጸን። የልጅ የመጀመሪያ የጥርስ ምርመራ የመጀመሪያዋ ጥርስ በወጣች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው የሚመከረው። ብዙው ወላጅ ግን ልጁን የሚያመጣው ሲያመው ነው። ታዲያ ልጁ ወንበሩን የሚያውቀው በሕመም ቀን ከሆነ፣ ሽልማቱ ብቻውን ምን ያድርግ? እኔ የሄድኩት በአራት ዓመት ተኩል ነው፣ ያውም ሌሊት አላስተኛ ስትለኝ። እጄን አነሳሁ። ስለ ቤት ብሩሽም ጨመረ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ፤ ሳሙናው ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ሰቅሎ ኮከብ መለጠፍ ለመጀመር ይረዳል፤ ልማዱ ሲይዝ ግን ኮከቡን ቀስ እያሉ ማሳሳት ነው፣ አለዚያ በየማታው ገበያ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ የእኛ ቀጠሮ ደረሰ። ያደረግነውን በዚያው ማታ ለጠፍኩት።

በዋዜማው እኔ ወንበር ሆንኩ፣ እሷ ሐኪም። በማንኪያ ጀርባ ጥርሴን ቆጠረች፤ ሠላሳ ሰባት ነው አለችኝ። ብስክሌት አልተነሳም። በመንገድ ላይ አልቅሺ አታልቅሺም አላልኳት። ሥራዋ ሁለት እንደሆነ ብቻ ነገርኳት፦ አፍ መክፈትና፣ ማስቆም ስትፈልግ እጅ ማንሳት። ዶክተሯ መስታወቷን አስያዟት፤ መጀመሪያ የእሳቸውን አፍንጫ አየችበት። የምትሽከረከረውን ብሩሽ አውራ ጣቷ ላይ አደረጉላት። ከዚያ አፏን ከፈተች። መርፌው ጋ አለቀሰች፤ እንደ መንታዋ ልጅ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፣ እኔም በመሐረብ ጠረግኩላት። እጇን ሦስት ጊዜ አነሳች። ሁለቱ የምር ነው። ሦስተኛው፣ እምላችኋለሁ፣ እውነት ያቆማሉ ወይ ብላ ለመሞከር ነው። ዶክተሯ ሦስቱንም ቆሙ። ሲጨርሱ ወዲያው አላወረዷትም፤ ወንበሩን ቀስ አድርገው ሽቅብና ቁልቁል አጫወቷት። ከዚያ አፍሽን ይህን ያህል ጊዜ ከፍተሽ ስለቆየሽ ብለው የተለጣፊ ሣጥኑን ዘረጉላት። አንድ ቀጭኔ መረጠች። ልብሷ ላይ ትለጥፋለች ስል በዶክተሯ ጓንት ላይ ለጠፈችው። ካርዱን አጮልቄ አየሁ። ያለፈው ቀን ሁለት የመቀነስ ምልክት ነበር፤ የዛሬው አንድ መደመር ነው።

መልስ 29 ያ በመልስ 10 የተወቀሰው ተማሪ ነው፤ የወንበሩን ጨዋታ ሲያነብ ዝም ማለት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሪደልማየርና ካነማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች የሚያም ምርመራን ሲያስታውሱ ርዝመቱ ሳይሆን እጅግ የከፋው ቅጽበትና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንደሚጎሉ አሳይተዋል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ መሆኑን በዚህ ጊዜ ራሱ ጨመረ። ተምሯል።

መልስ 30 ጋሼ ናቸው። ስለ ልጄ ደስ ብሏቸዋል። ክርክር አላነሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ያ እጅ ማንሳት የሚባለው ነገር ለትልቅ ሰውም ይፈቀዳል ወይ? ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያሳፍራል ወይ? ዶሴ ያወጣባቸው ሰው ከሥር ምልክት ብቻ አስቀመጠ፣ ልብ። እኔ ይፈቀዳል ብዬ በግል ጻፍኩላቸው፤ እንዴት እንደሄደላቸው ግን የሚነግሩን እሳቸው ናቸው።

መልስ 31 አንድ ቃል ነው። የማላውቀው ሰው ስለ ብስክሌቱ ጠየቀ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ልጄም ትናንት ማታ ጥርሷን ስቦርሽላት፣ አፏ በአረፋ እንደተሞላ፣ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ቀይ መሆኑን አልረሳችም።